ጥሬ ቀለም

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ልጄ ጽዮን ከንፋስ መውጫ መጣች። መጣች ማለት ያንሳታል፤ በሩን በርግዳ ገባች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እማዬ! ከባሕር ዳር መጥተዋል! የባህል ቡድን ነው! እሑድ በከተማው አዳራሽ ተወዛዋዥ ሊመርጡ ነው! የተመረጠ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው!»

ምስር እየለቀምኩ ነበር። ሰፌዱን ከነምስሩ ለቀቅኩትና እልልታውን አቀለጥኩት። ጎረቤት «ማን ወለደ?» እያለ መጣ። ምን ላድርግ? ደስታ ሲመጣብኝ አፌን መያዝ አልችልም። ቁጣም ሲመጣብኝ እንደዚያው ነኝ።

ዓለምጸሐይ እባላለሁ። በልጅነቴ ጋይንት ውስጥ በእስክስታ ገጥማኝ ያሸነፈችኝ ሴት የለችም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው። በኋላ የቤተ ልሔም ደብሩን የብራና ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ቀለመ ወርቅን አገባሁና ትከሻዬ አደብ ገዛ፤ የመሪጌታ ሚስት ሠርግ ቤት ብታጨበጭብ ነው እንጂ መሐል ገብታ አትወርድም። እግዜር አንድ ልጅ ሰጠን፣ እሷም ትከሻዬን ወሰደችው። ጽዮን አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ንፋስ መውጫ፣ ሐረገ ወይን በምትባል ልጅ ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች። ሹሩባ ስትሠራ እንኳ ትከሻዋ አርፎ አይቀመጥም።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ተዘጋጂ እንጂ!» አልኳት።

ፊቷ ድንገት ጠቆረ። አንገቷን በጣቶቿ ዳበሰች።

«የሚፈልጉት የተነቀሰ አንገት ነው ይባላል። ‹የጎንደር ሴት ካለ ንቅሳት መድረክ ላይ አታምርም› ብለዋል አሉ። የእኔን እዪው፤ ባዶ!»

እውነቷን ነው፣ ባዶ ነው። ሕፃን ሳለች ቦጋለችን፣ የወገዳዋን ነቃሽ፣ ለገበያ ስትመጣ ቤት ድረስ አምጥቻት ነበር። መሪጌታ ከደብር ሲመለሱ መርፌውን አዩ። «ኦሪት ገላችሁን አትንቀሱ ይላል!» ብለው ቦጋለችን በመቋሚያ አባረሯት፤ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። የእኔ አንገት ግን ሲያገቡኝም ሦስት መስመር ንቅሳት ነበረበት። ይህን ባነሳሁ ቁጥር «አንቺን ያገኘሁሽ ተጽፈሽ ነው» ይሉኛል። መሪጌታን በነገር መርታት አይቻልም።

«ግን እማዬ፣» አለች ጽዮን፣ ዓይኗ እንደገና እየበራ፣ «አሁን ሌላ ዓይነት ንቅሳት አለ። በሐረገ ወይን ስልክ አይቼዋለሁ። ሰሚ ፐርማነንት ይሉታል። ከፊል ቋሚ ነው። ዓመት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። አባቴም ሳይጣሉኝ እኔም ሳልቀር!»

ሳቄ አመለጠኝ። «አይ እቴ! ይህን አንገት ሠላሳ ዓመት አጠብኩት። ንጹሕ ሆነ እንጂ አልለቀቀም።»

«ያንቺማ በበሰለ ጥላሸት የተነቀሰ ነው። በጥሬ ቢሆንስ?»

«በምን ጥሬ?»

«በአባቴ ጥሬ ቀለም!»

እዚህ ላይ ቁም ጸሐፊ ቤት ኖሮ የማያውቅ ሰው ይስቅብን ይሆናል። የብራና ቀለም እንደ ሱቅ ቀለም ገዝተው የሚጽፉበት አይደለም። ጥላሸት ይጠረጋል፣ ገብስ እስኪያር ይቆላል፣ ቅጠል ይወቀጣል። ሁሉም ተፈጭቶ በማሰሮ ይበጠበጥና ወራት እየተማሰለ ይከርማል። ከርሞ የበሰለው ቀለም ብራና ላይ ከተጻፈ የልጅ ልጅ ያነበዋል፤ መሪጌታ ሲሳሳቱ በምላጭ እየፋቁ ያልባቸዋል። ጥሬው ግን ያታልላል። ሲጽፉበት ጥቁር ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ሲያርፍበት ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ጽዮን ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷን የሙከራ መስመር በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ያደገች ናት። እንግዲህ የበሰለው ቋሚ ከሆነ ጥሬው ከፊል ቋሚ መሆኑ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልቤ ዘለለ! ባሕር ዳር በስንት ብር የሚሸጡት ነገር በእኛ ጓዳ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል!

መሪጌታ ደግሞ አዲስ ቀለም የበጠበጡት ገና ከጥምቀት በፊት ነው፤ ጥሬ ነው ከተባለ ከዚያ የበለጠ ጥሬ የለም። እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ጽዮን በትንሽ ብልቃጥ ቀዳች። እኔም ማሰሮውን ዘንበል አድርጌ ያዝኩላት። «ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» የሚሉት እኛን ነው።

ቅዳሜ የንፋስ መውጫ ገበያ ነበር። ቦጋለችን ጎመን ተራ አገኘናትና በሐረገ ወይን ፀጉር ቤት ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥናት። መጀመሪያ እምቢ አለች።

«መሪጌታ ይገሉኛል። የዚያን ጊዜው ነጠላዬ እንኳ እስካሁን አልተመለሰም!»

«አይለቅም ብለሽ እንዳትፈሪ፣» አለቻት ሐረገ ወይን ስልኳን ዓይኗ ሥር ደቅና። «ከፊል ነው። ዘመናዊ ነው።»

ቦጋለች ስልኩን አየች፣ ብልቃጡን አየች፣ አሸተተችው። «እኔ የማውቀው መርፌውን ነው። ቀለሙ የእናንተ፣ ከመሪጌታ ጋር መታረቁም የእናንተ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

መርፌዎቹን በክር አንድ ላይ አስራ ጀመረች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጽዮን እጄን ጨብጣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ አፏ ግን ይስቃል። ሐረገ ወይን ሙዚቃውን ከፍ አደረገችው። የመጀመሪያው መስመር ሲያልቅ እልል አልኩ፣ ሁለተኛው ሲያልቅ እልል አልኩ፣ ሦስተኛው ላይ ፀጉር ሊሠሩ የመጡት ሁሉ መጋረጃውን ገልጠው ከእኔ ጋር እልል አሉ። ልጄ በመስታወት ራሷን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። አማረባት! ውሸት ምን ያደርጋል፣ እኔን መሰለች።

ሐረገ ወይን ቤት አደርን፤ ሌሊቱን አንገቷ አበጠ። እሑድ ጠዋት ቀና ማለት እንኳ አቅቷት ነበር። «ቀረብኝ» ብላ ስታለቅስ ተቆጣሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አንቺን ነው! ተነሺ፣ በአንገትሽ አይደለም የምትወርጂው!» አልኳትና ቫዝሊን ቀብቼ አስነሳኋት።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከእስቴ የመጡ አሉ፣ ከስማዳ የመጡ አሉ። መሲንቆው ሲገረፍ፣ ከበሮው ሲመታ መቀመጥ አቃተኝ። የጽዮን ተራ ደረሰ። አንገቷን ማዞር ስላልቻለች ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች፤ ያ ደግሞ የባሰ ኩሩ አስመሰላት። ከዚያ ትከሻዋን ለቀቀችው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ከወገቧ በላይ ያለው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቷ ግን ንቅንቅ አይልም። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የባህል ቡድኑ ኃላፊ፣ ሙላው የሚባል ቀጭን ሰውዬ፣ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ።

«ይቺን ልጅ እንፈልጋታለን፣» አለ። «አንገት እንዲህ ይዛ የምትወርድ አላየሁም! ማን አስተማረሽ?»

ጽዮን አንገቴን ስለሚያመኝ ነው አላለችም። እኔም አላልኩም።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ እብጠቱን አየ። «ምነው? አሁን ነው እንዴ የተነቀስሽው?»

«ንቅሳት ትፈልጋላችሁ ስለተባለ…»

«ማነው ያላችሁ? እኛ እኮ ለመድረክ ንቅሳቱን በዓይን ኩል ነው የምንስለው! ከጭፈራው በኋላ ይታጠባል!»

አብራን የመጣችው ሐረገ ወይን ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ወሬውን ያመጣችው እሷ ኖራለች፤ ከየት እንዳመጣችው በኋላ ብጠይቃት «እንዲሁ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ግን ማን ግድ አለው! ልጄ ተመረጠች! ሙላው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መኪና ይዞ ሊወስዳት እንደሚመጣ ነገረን፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰማ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። «አባቷን ጠይቁ። የካህን ልጅ ናት፣ ያለ አባቷ ቃል አልወስድም።»

አባቷ!

በማግስቱ ቤት ስንደርስ መሪጌታ በራፍ ላይ ብራና ወጥረው ይፍቁ ነበር። ጽዮን ነጠላዋን እስከ አገጯ ተጠምጥማለች። እኔ ስለ መመረጧ እየቀባጠርኩ፣ እየሳቅኩ፣ እሳቸውን አላስቀመጥ አልኩ። እሳቸው ግን እሷን ብቻ ያያሉ።

«ነጠላውን አንሺው» አሉ።

አነሳችው። ቀርበው አገጯን ቀለም በጠጣ ጣታቸው ቀና አደረጉት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ የእኔ ቀለም ነው።»

ቀለማቸውን ከማንም ቀለም መሐል ቢሆን ይለዩታል፤ ይህን ረስተነው ነበር።

«ይለቃል አባቴ!» አለች ጽዮን። «ጥሬ ነው እኮ! ከፊል ነው! እርስዎ ራስዎ ጥሬ ቀለም አይጸናም ብለው አስተምረውኛል። ሁዳዴ ሳይወጣ ይለቃል!»

መሪጌታ ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

«መልካም፣» አሉ። «ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል። መኪናው በሚመጣበት ቀን ከለቀቀ፣ መርቄ እሸኝሻለሁ። ካልለቀቀ ከዚህ ቤት አትወጪም።»

ጽዮን በደስታ እጃቸውን ሳመች። እኔም ሳምኩ። ያለቀልን መሰለን!

ሁዳዴ ገባ። ሰው ሁሉ ስለ ነፍሱ ሲጾም እኛ ስለ አንገት ጾምን ብል አልዋሸሁም። ቅርፊቱ ሲነሳ መስመሩ ፈዘዘ። ጽዮን መስታወት ይዛ ግቢውን ዞረች፤ «እማዬ ለቀቀ! እየለቀቀ ነው!» ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ሳምንት አልቆየም፣ ቁስሉ ሲጠግግ መስመሩ ተመልሶ መጣ። እንዲያውም ሰማያዊ ሆኖ አማረበት፤ እንዲህ ያለ ንቅሳት ቦጋለችም ነቅሳ አታውቅም።

ሎሚ አሸን። በአመድ ፈተግን። አንዷ ጎረቤት እንዶድ አለች፣ በእንዶድ ብናጥበው ቆዳዋ ተላጠ፣ መስመሩ ግን በተላጠው ሥር ቁልጭ ብሎ ቁጭ አለ። ለሐረገ ወይን ብንደውል «ስልኩ ላይ ዓመት ይላል፣ ጠብቁ እንጂ!» አለች። እስከ ዓመቱ ማን ይጠብቀናል? መኪናው የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። መሪጌታ በየሰንበቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ አንገቷን ያያሉ፣ ምንም አይናገሩም።

አንድ ቀን ጽዮን ቁራጭ ብራና ላይ በዚያው ጥሬ ቀለም መስመር አስምራ አደረቀችው። አባቷ ፊት አቀረበችና በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ሙልጭ አለ።

«ይኸው! ይለቃል! ታዲያ የእኔ ለምን አይለቅም?»

መሪጌታ ብራናውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላበጡት።

«ይህ የሞተች ፍየል ቆዳ ነው ልጄ። ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀመጣል። አንቺ በሕይወት አለሽ። ሕያው ሥጋ የሰጡትን ይጠጣል፣ በስሎም ቢሰጡት፣ በጥሬውም ቢሰጡት።»

ልጄ ጓዳ ገብታ ተንሰቀሰቀች። እኔ ያን ቀን ለመሪጌታ ራት አላቀረብኩላቸውም።

ፋሲካም አለፈ። ሙላው የሚመጣበት ቀን ጠዋት ሐረገ ወይን በመጀመሪያው መኪና ከንፋስ መውጫ ደረሰች። ወሬውን ያመጣች እሷ፣ መዳኛውንም ያመጣች እሷ። ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ሙሽሮች ማድያታቸውን የሚሸፍኑበት የፊት ቅባት ነው። ጽዮንን ጓዳ አስቀምጣ አንገቷን ቀባቻት፣ ደገመቻት፣ ዱቄት ነሰነሰችበት። ከዚያ ዞር አደረገቻት።

አንገቷ ባዶ ነበር! እንደ ተወለደች! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጽዮንን አቅፌ ዘለልኩ፣ ሐረገ ወይንን አቅፌ ዘለልኩ።

«መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀርበውም ቢያዩ አይለዩትም፣» አልኩ። «ለቀቀ በይ፣ ጉልበታቸውን ሳሚ፣ ሂጂ!»

ጽዮን መስታወቱን ረጅም ሰዓት ያዘችው።

የመኪናው ድምፅ ከዳገቱ ሥር ተሰማ። መሪጌታ ብርዓቸውን ቀለም ቀንዱ አጠገብ አስቀምጠው ቀና አሉ። ጽዮን ፊታቸው ቆመች። ቀረብ ብለው አንገቷን አዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ፤ ደስታ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

«ለቀቀ?» አሉ።

«አዎ በይ» እያልኩ በልቤ እለምናታለሁ። «አዎ በይና ሂጂ፣ የእኔ እናት!»

ጽዮን የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አንገቷን ፈተገችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ነጠላው ቡናማ ሆነ። ሦስቱ መስመሮች ፍጥጥ ብለው ወጡ።

«አልለቀቀም አባቴ፣» አለች። «የሚለቅ ንቅሳት የለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መሄድ እፈልጋለሁ፣ ልቤ ሊወጣ ነው። ግን ዋሽቼዎት ብሄድ እዚያ ትከሻዬ አይሠራልኝም።»

ሐረገ ወይን ፊቷን ሸፈነች። ውጭ መኪናው ቆመ፣ የሙላው ድምፅ «ቤቶች!» አለ።

መሪጌታ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያረጁ መሰለኝ።

«እንደማይለቅ አውቅ ነበር፣» አሉ። «ያን ጊዜ ከለቀቀ ሂጂ ያልኩሽ እንዳትሄጂ ነው። እምቢ ብልሽ ታኮርፊያለሽ ብዬ እምቢታዬን በቀለሙ ሸፈንኩት። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈራሁ።»

ደሜ ፈላ። «ሁለት ወር ሙሉ ልጄን በእንዶድ ስልጣት ዝም ብለው ያዩኝ ነበር?» ብዬ ጮህኩ። መሪጌታም አልተቆጡም።

«አየሁ፣» አሉ። «እሷ እውነቱን ተናገረች፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ከዚያ ተነሱ። ጨርቅ በውሃ ነከሩ። ወደ ጽዮን ቀርበው ከጆሮዋ ሥር የቀረውን ቅባት በቀስታ፣ ብራና እንደሚይዙ ሁሉ፣ ጠረጉት። ዱቄቱን ጠረጉ። ሦስቱ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር እስኪታዩ ድረስ ጠረጉ።

«ፈቅጃለሁ፤ ግን ተሸፍነሽ አትሂጂ፣» አሏት። «ቀለሙ የእኔ ነው። የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽ አንገትሽን አሳዪያቸው።»

ጽዮን እግራቸው ላይ ተደፋች። ጉልበታቸውን ስማ ሳትጨርስ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። እየሳቀችም እያለቀሰችም ተነሳች፣ እኔን አንቃ ሳመችኝና ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች ወጣች።